መጠናቸው አንድ፣ ሃሻቸው ግን የተለያየ ፎቶዎች፦ የትኛውን ቅጂ ልመን?

ሰላም ለሁላችሁም። ፎቶዎችን ከኮምፒውተር ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጬ በሁለቱም በኩል የኤስኤችኤ-256 ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ኮድ) አውጥቼ አመሳከርኩ። ሮው (ጥሬ የካሜራ) ፋይሎቹ በሙሉ ገጥመዋል፤ ከጄፔጎቹ ግን 23ቱ አልገጠሙም። የባይት መጠናቸው ግን አንድ ነው (መጠን ብቻ የሚያወዳድር ፕሮግራም «ሁሉም ደህና» ብሎ ያልፋቸው ነበር)።

የማንበብ ስህተት አይመስለኝም። ዲስኩን በአግባቡ ነቅዬ፣ ኬብል ቀይሬ መልሼ ስሰካው የሚወጣው ያው ሃሽ ነው። ሳይነቀል ቢሆን ሲስተሙ ከዲስኩ ፈንታ ከራም ሊያነብ ስለሚችል ፍተሻው አያስተማምንም።

ባይት በባይት ሳወዳድር በ21ዱ ልዩነቱ ፋይሉ መጀመሪያ አካባቢ፣ ሜታዳታው (ስለ ፎቶው የሚገልጸው መረጃ) ላይ ብቻ ነው። የፎቶ ማደራጃው ፕሮግራም የኮከብ ደረጃ ጽፎባቸው ይሆናል፤ ኤክስኤምፒ (እንዲህ ያለው ሜታዳታ የሚጻፍበት ክፍል) ውስጥ ትርፍ ባዶ ቦታ ስለሚተው መጠኑ ላይቀየር ይችላል። የቀሩት ሁለቱ ናቸው የሚያሳስቡት፦ መሃላቸው ላይ ልክ 4096 ባይት ዜሮ ሆኗል። ፎቶው ይከፈታል፣ ከዚያ በታች ያለው ግን ግራጫ ነው። ይባስ ብሎ የአንዱ ዜሮ ያለው ዋናው ላይ፣ የሌላው ቅጂው ላይ ነው፤ ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ ደግሜ ብገለብጥ ደህናውን አጠፋለሁ።

ሜታዳታውን ዘሎ የምስሉን ዳታ ብቻ የሚያሰላ ሃሽ በጅምላ እንዴት ይወጣል? ሃሹ የወጣው ከተገለበጠ በኋላ ስለሆነ፣ ሁለቱም ጋ እኩል የተበላሸ ፋይል ቢኖር አይታይም። የካሜራው ካርድ ፎርማት ስለተደረገ ከእሱ ጋር ማመሳከር አልችልም። ጄፔጉን እስከ መጨረሻው ፈትቶ ስህተቱን የሚዘግብ መሣሪያ የምታውቁ ካላችሁ ብትጠቁሙኝ?