በዳቦ እርሾ የሠራሁት ውህድ ብርሃን የማዞር አቅሙ አነሰብኝ

ጎንደር ውስጥ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ኤታይል አሴቶአሴቴትን በዳቦ እርሾ ኢንዛይሞች ወደ ኤታይል 3-ሃይድሮክሲቡታኖኤት እየቀየርኩ ነው፤ የምፈልገው እንደ መስታወት ምስል ከሚተያዩት ሁለት ቅርጾቹ የኤስ (S) ቅርጹን ነው።

15 ግራም ደረቅ እርሾና 20 ግራም ስኳር በ100 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጬ፣ አረፋው ሲነሳ 5 ግራም መነሻውን ኤስተር (ኤታይል አሴቶአሴቴቱን) በአንዴ ጨመርኩ። ከ48 ሰዓት በኋላ በፌሪክ ክሎራይድ ይመጣ የነበረው ቀለም ጠፋ፤ ስለዚህ መነሻው አልቋል ብዬ አምናለሁ። በኤታይል አሲቴት ስለየው ያየሁት መከራ አይነሳ! ሁለቱ ፈሳሾች እንደ ጠላ አተላ ተቀላቅለው በሴላይት (የማጣሪያ ዱቄት) አጣርቼ ነው የተገላገልኩት።

ችግሩ ምርቱን በክሎሮፎርም አሟሙቼ የለካሁት የብርሃን ሽክርክሪት +29 ብቻ መሆኑ ነው። ንጹሑ የኤስ ቅርጽ +43 አካባቢ ነው፤ በእርሾ ደግሞ +37 ገደማ ጠብቄ ነበር። ሽክርክሪቱን የሚለካውን ፖላሪሜትር ተጠራጥሬ በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ የሠራሁትን ለካሁበት፤ ሁለቱን ቅርጾች እኩል ስለሚሰጥ እንደሚገባው ዜሮ አነበበ። ምርቱን ድጋሚ ባጣራውም ለውጥ የለም።

በሁለተኛው ዙር ኤስተሩን ግማሽ ግማሽ ግራም እያደረግኩ በየ3 ሰዓቱ ስጨምር +33 ደረሰ። ግን ሌሊት መብራት ጠፍቶ ከ30 ዲግሪ ወደ 18 ወርዶ ነበርና ለውጡ ከየትኛው እንደመጣ አላውቅም። ሁለቱን ቅርጾች ለይቶ የሚለካ፣ ቺራል ኮለም ያለው ጋዝ ክሮማቶግራፍ የለንም።

የቀረኝ ኤስተር 6 ግራም ነው፣ ለአንድ ሙከራ ብቻ። ውሃውን አብዝቼ ኤስተሩን በሊትር ከ1 ግራም በታች ላድርገው ወይስ እርሾውን መጀመሪያ ያለ ስኳር ላስርበው?