ባይኖኩላሬ (የሩቅ ማያ መነጽሬ) ውስጡ ጉም ሞላው! ነገ ሳይነጋ እንስሳ ለማየት ተራራ እንወጣለን

ጠያቂ፦ ቶሎ መልሱልኝ እባካችሁ። አንዱ ቱቦ ነጭ ሆኗል፣ ምንም አያሳይም። የፊቱን ሌንስ በቢላ ጫፍ ፈትቼ ልጥረገው?

ቀልደኛው፦ ተራራው ላይ ጉም ወርዶ ይሆናል፤ ሌንሱን አትማው 😂

ቋጥኝ፦ ቢላውን አስቀምጥ። ከውጭ ነው ከውስጥ? በንጹሕ ጨርቅ ስታብሰው ከጠፋ የራስህ ትንፋሽ ነው።

ጠያቂ፦ ከውስጥ ነው። ትናንት ዝናብ መትቶት ነበር፣ ግን «ውሃ አያስገባም» ይላል።

ዳገት 7፦ ሩዝ ውስጥ ቅበረው።

መምህሩ፦ ሰዎች ቁጥሩን ሳያዩ ይገዛሉ። 8×42 ከሆነ 8ቱ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ 42ቱ የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 42 ለ8 ሲካፈል ወደ ዓይንህ የሚገባ 5.25 ሚሊ ሜትር የብርሃን ክብ ይሰጣል። 10×25 ግን 2.5 ብቻ ነው። እንስሳ በሚንቀሳቀስበት ጎህ ሲቀድ ጨለማ ነው የሚያሳይህ።

ጠያቂ፦ መምህር፣ የኔው እኮ ጉም ነው ያለበት!

ቋጥኝ፦ ዝናብ ከገባ የጎማ ማሸጊያው ለቋል፤ ጉም እንዳይዘው ውስጡ የተሞላው ደረቅ ናይትሮጅንም ወጥቷል። ከፈታኸው ፕሪዝሙ (ውስጥ ያለው ብርሃን የሚያጥፈው መስታወት) ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል፤ ያኔ አንዱ ሚዳቋ ሁለት ይሆንብሃል፣ ራስህንም ያምሃል። ሩዝም ተው፣ ብናኙ ማስተካከያው ውስጥ ይገባል። ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጡትን እርጥበት የሚመጡ ትንንሽ የሲሊካ ከረጢቶች አምስት ስድስት ሰብስብና አየር በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ አብረህ እሰረው። እሳት ዳር አታስቀምጠው፣ ቅባቱ ቀልጦ ሌንስ ላይ ይፈሳል። እውነቱን ለመናገር እስከ ነገ አይደርቅም፤ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ነገ በደህናው ቱቦ ብቻ እይ፣ ሌላውን ዓይንህን ጨፍን። ምስሉን ለማጥራት የመሃሉ መዘውር ይበቃሃል። ስትመለስ ግን እርጥብ እንደሆነ ቦርሳ ውስጥ አትርሳው፣ ሻጋታ ሌንሱን ይበላዋል።

ጥላ፦ እኔ ደግሞ ባይኖኩላር ምን ያደርጋል ባይ ነኝ። እንስሳ መጀመሪያ የሚገኘው በባዶ ዓይን ነው። ገደሉ ላይ አግድም መስመር ፈልግ፤ ዛፉም ድንጋዩም ወደ ላይ ሲቆም የእንስሳ ጀርባ ግን ይጋደማል። ነፋሱንም አስብ። ማለዳ ቁልቁል ስለሚነፍስ ሽቅብ ስትወጣ ፊትህን ይመታሃል፣ ሽታህ ከኋላህ ይቀራል። ፀሐይ ዳገቱን ካሞቀች በኋላ ይገለበጣል፤ ሽታህ ቀድሞህ ይወጣል። ስለዚህ ከረፋድ በፊት ከፍታው ላይ ድረስና ቁጭ ብለህ ቁልቁል ቃኝ።

ቋጥኝ፦ የነፋሱ ነገር እውነት ነው። ያለ ባይኖኩላር የሚለው ግን አይዋጥልኝም፤ ማዶ ገደል ላይ ያለውን ቀንድ በባዶ ዓይን ለይና አሳየኝ።

ዳገት 7፦ ሩዙስ? ሞከርከው?