የጣናን ካርታ በጣት እንዲነበብ አድርጎ ለመሥራት

መምህር_ባሕርዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለ7ኛ ክፍል ዓይነ ስውራን ተማሪዎች የጣናን ካርታ፣ በተጨማሪም ሐይቁ በቢላ እንደተሰነጠቀ ጥልቀቱ ከጎን የሚታይበትን ሥዕል በካርቶን መሥራት ፈልጌ ነበር። በኮላ ያሰመርኩት ሲደርቅ ይሰምጣል፣ ወንዙም ከዳርቻው አይለይም። በሙቀት የሚያብጠው ወረቀት የለኝም። ምን ይሻላል?

ስታይለስ፦
መምህር፣ ኮላ ውሃው ሲተን ይሰምጣል፣ ብቻውን መስመር አይሆንም። እርጥብ ሳለ ክር ይለጥፉበት፦ ለዳርቻው ሲባጎ፣ ለወንዞቹ ቀጭን ክር። የወንዙ ጫፍ ሲባጎው ላይ እንዳይወጣ፤ ጉብ ካለ ጣት እንደ ምልክት ያነበዋል። በሁለት መስመር መካከል ቢያንስ 3 ሚ.ሜ. ይተዉ። የብሬል ነጥቦች ራሳቸው የሚራራቁት በ2.5 ሚ.ሜ. ገደማ ስለሆነ ከዚያ የጠበበ ለጣት አንድ ይሆናል።

ውሃውን ስስ ጨርቅ ያልብሱት፣ የብሱን ልሙጥ ይተዉት። ብርጭቆ ወረቀት አይጠቀሙ፣ ጣት ያደነዝዛል፤ ከዚያ በኋላ ብሬሉ አይነበብም።

ስም ካርታው ላይ አይጻፍ። በአማርኛ ብሬል አናባቢው ለብቻው ስለሚጻፍ የአንዱ ወንዝ ስም «ጉማራ» ብቻ ስድስት ሕዋስ (የብሬል ፊደል ቦታ)፣ 3.6 ሴ.ሜ. ገደማ ይወስዳል። አንድ አንድ ፊደል ሰጥተው መፍቻውን በሌላ ወረቀት ያድርጉ።

ደንገል፦
የጎኑ ሥዕል ላይ ያለው ችግር መጠኑ ነው። ጣና ከሰሜን ደቡብ 84 ኪ.ሜ. ገደማ ነው፤ በ21 ሴ.ሜ. ከሣሉት 1 ሴ.ሜ. 4 ኪ.ሜ. ይሆናል። 14 ሜትር ገደማ የሆነው ጥልቀት በዚያ ልክ 0.035 ሚ.ሜ. ነው፤ ተራ ወረቀት እንኳ ሦስት እጥፍ ይወፍራል። ስለዚህ ጥልቀቱን 1000 ጊዜ አግንነው 3.5 ሴ.ሜ. ያድርጉት፣ መጋነኑንም ሥዕሉ ላይ በብሬል ይጻፉ። አለዚያ ልጁ ጣናን ገደል አድርጎ ይይዘዋል። ከሥዕሉ ጎን አንዲት ነጠላ ወረቀት አስዳስሱና «ከዚህም ይሳሳል» በሏቸው።

ወለሉን በክር አይሥሩት፤ ዳር ዳር ላይ ከውሃው ገጽ ክር ጋር ይጣበቃል። ውሃውን እንዳለ ከካርቶን ቆርጠው ይለጥፉት።

መምህር_ባሕርዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ክሩን ትቼ ወፍራም ወረቀት ላይ በስታይለስ (በብሬል መውጊያው) ብወጋውስ?

ስታይለስ፦
ይሆናል፣ ግን የሚወጉት ከጀርባ ነው፣ ብሬል በስሌት (ነጥቦቹ በሚወጉበት ቀዳዳ ባለው ሰሌዳ) እንደሚጻፈው። ካርታውን አስቀድመው ካልገለበጡት ግራና ቀኙ ይለዋወጣል፤ ከባሕር ዳር የሚወጣው ዓባይ በምዕራብ፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚገባው ግልገል ዓባይ በምሥራቅ ይሆናል። ረቂቁን መስኮት መስታወት ላይ አድርገው ከጀርባው በእርሳስ ይከተሉት። ከሥሩ ጎማ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ያንጥፉ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ነጥቡ አይወጣም፣ ብዙ ከተጫኑም ወረቀቱ ይበሳል። ከደቅ በቀር ደሴቶቹን ይተዉ፣ በዚህ መጠን እንደ ብሬል ነጥብ ነው የሚሆኑት። ሲጨርሱ ምንም ሳያስረዱ ለአንድ ብሬል አንባቢ ይስጡና ዓባይ መውጫ የቱ ጋ እንደሆነ ይጠይቁ።