ከልጆች ጋር በድሮው የባቡር መንገድ በብስክሌት፦ ቅጠሉ በረገፈበት ሰሞን ምን እንጠንቀቅ?

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ቤተሰቡን ሁሉ ይዘን በብስክሌት ልንወጣ ነው። የምንሄድበት መንገድ ድሮ ባቡር ይመላለስበት የነበረ ነው። ሐዲዱ ተነቅሎ ደቃቅ ጠጠር ለብሷል፤ መኪና አይገባበትም። ከጫፍ እስከ ጫፍ 16 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባለቤቴ ጫፍ ደርሰን እንመለስ ይላል። ትልቋ ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ ጎበዝ ነች። ወንዱ 6 ዓመቱ ነው፤ ያለ ድጋፍ መንዳት ከጀመረ ገና ሁለት ወሩ። ትንሿ 2 ዓመቷ ነው፤ ከአባቷ ኋላ በልጅ ወንበር ትቀመጣለች። ዛፉ ሁሉ ቢጫና ቀይ ሆኗል። ረግፎ ሳያልቅ እንዲያዩት ጓጉቻለሁ። ርቀቱ ይበዛባቸው ይሆን? ምንስ ላልብሳቸው? ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ለመነሳት አስበናል።

መልስ፦ መንገደኛው

እህቴ፣ ሐሳባችሁ ደስ ይላል። ርቀቱን ግን ቀንሱት። ደርሶ መልስ 32 ኪሎ ሜትር ነው። ልጁ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ቢነዳ እንኳ ያለ እረፍት 4 ሰዓት ይፈጅበታል። ልጅ ደግሞ ይቆማል፣ ቅጠል ይለቅማል፣ ሽንቱ ይመጣል። በዚህ ወቅት ቀኑ አጭር ስለሆነ በ8 ሰዓት ከተነሳችሁ መንገድ ላይ ይመሽባችኋል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ውጡ። 5 ኪሎ ሜትር ሄዶ 5 መመለስ ለእሱ በቂ ነው። ገና እየሳቀ እያለ ተመለሱ፤ ደከመኝ ካለ በኋላ የቀረው መንገድ ለሁላችሁም ይከብዳል።

ሌላው፣ የባቡር መንገድ ሜዳ ይመስላል እንጂ ሁሌም ሜዳ አይደለም። ጎማውም ሐዲዱም ብረት ስለሆነ ባቡር ዳገት ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን እየቆረጡ፣ ረባዳውን እየሞሉ ዳገቱን አለዘቡት። ብዙውን ጊዜ በ100 ሜትር ከ2 ሜትር ብዙም አያልፍም። ዐይን አያየውም፤ የልጅ እግር ግን ያውቀዋል። መንገዱ ወንዝ ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ውሃው ወደየት እንደሚፈስ እዩ። መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት ሂዱ። ስትመለሱ ቁልቁለቱ ያግዛችኋል።

መልስ፦ የሁለት ወንዶች አባት

እኔ ስለ ቅጠሉ ልናገር። አምና ታላቁ ልጄ በእንዲህ ያለ መንገድ ወድቋል። የእንጨት ድልድይ ላይ ነበርን። ቅጠሉ ከላይ ደርቆ ይንኮሻኮሻል፤ ከሥሩ ግን እንደ ሳሙና ያሟልጫል። የፊት ፍሬኑን ጨብጦ ሲይዝ ጎማው ከሥሩ ከዳው። መዳፉ ተልጦ ጠጠር ገብቶበት፣ አጠገቡ ተንበርክኬ አንድ በአንድ ስለቅም አለቀሰ። አሁንም ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አስተማርኳቸው። ቅጠል ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ። ቅጠሉ ላይ ሳላችሁ ፍሬን አትጨብጡ፣ መሪም አታዙሩ፤ ቀጥ ብላችሁ እለፉ። ኮረብታው ተቆርጦ መንገዱ በሁለት ገደል መሃል የሚያልፍበት ቦታ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። ፀሐይ ስለማይደርሰው ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው። የቅጠል ክምር ደግሞ ጉድጓድም ሥርም ይደብቃል፤ ልጆች ዘለው መግባት ስለሚወዱ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

መልስ፦ ጥገና ላይ ያለሁ

አርብ ማታ ብስክሌቶቹን እዩ። ጎማው ላይ ትንሹና ትልቁ የነፋስ መጠን ተጽፏል፤ ለጠጠርና ለእርጥብ መንገድ ወደ ትንሹ ጠጋ ይበል። የልጁ ጣት የፍሬኑ እጀታ ላይ በደንብ ይድረስ። በብርድ የደነዘዘ ትንሽ እጅ ፍሬን ለመሳብ አቅም ያንሰዋል፤ ስለዚህ ቀጭን ጓንት አድርጊለት። ኮርቻውንም ሁለት እግሩ መሬት እስኪነካ ዝቅ አድርጉለት። ሄልሜት ሥር ወፍራም ኮፍያ አይሁን፤ ከሥሩ ሆኖ ይንሸራተታል። ስስ ይበቃል።

መልስ፦ እማማ ሐ.

ልጄ፣ ስለ ትንሿ ማንም አላነሳም። እናንተ እየነዳችሁ ያልባችኋል፣ እሷ ግን ቁጭ ብላ ነፋስ ይመታታል። ከእናንተ አንድ ልብስ ትጨምር። በየ20 ደቂቃው ቆማችሁ ማጅራቷን በእጅሽ ዳሺው። ማጅራቷ ከቀዘቀዘ በርዷታል ማለት ነው። ሻርፕ አታድርጊላት፤ ጫፉ ጎማ ውስጥ ይገባል። እግሯም በማሰሪያው ይታሰር።

የሦስት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ አለ፤ መንገዱ አስፋልት ሦስት ቦታ ያቋርጣል። ልጁ ደግሞ ቀድሞ መሮጥ ይወዳል።

መልስ፦ መንገደኛው

ባለቤትሽ ትንሿን ይዞ ይምራ። ልጁ ይከተል፣ ትልቋ ከእሱ ኋላ፣ አንቺ መጨረሻ። ከፊቱ ሰው ካለ የሚያልፈው አይኖርም። መኪና እንዳይገባ መሻገሪያው አፍ ላይ ብዙ ጊዜ የብረት ምሰሶ ይተከላል፤ ልጅ መኪና ሲያይ እሱን አያይም። ስለዚህ ምሰሶው ጋ ሳትደርሱ ሁላችሁም ውረዱ፣ ብስክሌቱን እየገፋችሁ ተሻገሩ። ትልቋ ደወል ካላት ሰው ስታልፉ እሷ ትደውል።

የሦስት ልጆች እናት

ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ 5 ኪሎ ሜትሩ ላይ ተስማምቷል። ከ4 ኪሎ ሜትር በኋላ አሮጌ የባቡር ጣቢያ አለ፤ እዚያ አርፈን፣ ልጁ ጉልበት ካለው ትንሽ እንቀጥላለን።