የአካል ጉዳት ድጎማ መቀበል ከሥራ ያስከለክላልን?

ጥያቄ፦ ከመንግሥት የአካል ጉዳት ድጎማ እቀበላለሁ። በቅርቡ ለሥራ ስወዳደር፣ ቃለ መጠይቅ አድራጊው ይህን እንዳወቀ «መሥራት ቢችሉ ኖሮ መንግሥት ባልደጎመዎት ነበር» ብሎ አሰናበተኝ። ይህ አድልዎ አይደለምን?

መልስ 1፦ በእኔ እምነት ግልጽ አድልዎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 27 የመሥራትን፣ በአንቀጽ 28 ደግሞ የማኅበራዊ ጥበቃን መብት ስለሚያረጋግጥ፣ በአንዱ የተጠቀመ ሰው ሌላውን ያጣል ማለት አይቻልም። የተባሉትን ቃል ሳይረሱት ከነቀኑ ጽፈው ያስቀምጡ።

መልስ 2፦ እስማማለሁ፤ ሆኖም በብዙ አገሮች የገቢ ጣሪያ ስላለ፣ ደመወዙ ድጎማውን እንደሚያስቀንስ አስቀድመው ያጣሩ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ይበልጥ ያመመኝ በሌሎች አመልካቾች ፊት መናገሩ ነው፤ ቅሬታዬን በጽሑፍ አቀርባለሁ።