51 ፔጋሲ፦ ፕላኔቱ ሳይታይ እንዴት ተገኘ?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1995 51 ፔጋሲ በተባለው ኮከብ ዙሪያ የተገኘው ፕላኔት ማንም ሳያየው መኖሩ በምን ታወቀ? የኮከቡ የራሱ መርገብገብ ቢሆንስ?

መልስ 1፦ የስዊዘርላንድ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ ደቡብ ፈረንሳይ ባለው 1.93 ሜትር ቴሌስኮፕ የኮከቡን ብርሃን በኤሎዲ መሣሪያ ወደ ቀለማቱ ዘርዝረው መረመሩት። ፕላኔቱ ኮከቡን ሲጎትተው በብርሃኑ ውስጥ ያሉት ጥቁር መስመሮች ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ ይሸሻሉ። የኮከቡ ፍጥነት በሰከንድ እስከ 56 ሜትር ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ዑደቱ 4.23 ቀን ብቻ ነው። መሣሪያው በሰከንድ 13 ሜትር ገደማ የሆነ የፍጥነት ለውጥ ይለይ ስለነበር ምልክቱ በደንብ ታየ።

መልስ 2፦ ከዚህ የሚወጣው ክብደት (የጁፒተር ግማሽ ገደማ) ዝቅተኛው ነው። ይህ ዘዴ የምህዋሩን ዝንባሌ (ከእኛ አንጻር ምን ያህል እንዳጋደለ) ስለማያሳይ እውነተኛው ሊበልጥ ይችላል፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል።

መልስ 3፦ ስለ መርገብገቡ፦ ኮከቡ ራሱ ቢረገበገብ መስመሮቹ ቅርጻቸውም ይለወጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ይለወጣል የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ነበር፤ በ1998 የተሻለ ልኬት ሲመጣ ቀረ።