ስልኩ ይቅደም ወይስ መድኃኒቱ?

አወያይ፦ ዛሬ በጽሑፍ የምንከራከርበት ጉዳይ ይሄ ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ አገሮች ለጤና የሚመድቡት ገንዘብ ትንሽ ነው። ከዚያችው ላይ ቆርሰው ለአፕ፣ ለታብሌትና ለአጭር መልእክት ማዋል አለባቸው? ወይስ መጀመሪያ መድኃኒት፣ ውሃና ሠራተኛ ይሟላ? «ሁለቱም ያስፈልጋሉ» ብሎ መሸሽ ክልክል ነው።

ኮድ ጸሐፊ፦ እኔ አለባቸው ባይ ነኝ። በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ታንዛኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 «ኤስኤምኤስ ለሕይወት» የሚባል ሙከራ ተጀመረ። ነገሩ ቀላል ነው። በየሳምንቱ ለጤና ተቋማት ሠራተኞች መልእክት ይሄዳል። የወባ መድኃኒት ስንት ቀራችሁ? ሠራተኛው በገዛ ስልኩ ቁጥሩን ይመልሳል። የወረዳው ኃላፊ የት እንዳለቀ፣ የት እንደተረፈ ያያል። በሦስት ወረዳዎች 129 ተቋማት ገቡበት። በመጀመሪያው ሳምንት 78 በመቶዎቹ ቢያንስ አንዱ ዓይነት የወባ መድኃኒት አልቆባቸው ነበር። በ21ኛው ሳምንት ቁጥሩ ወደ 26 በመቶ ወረደ። ሠራተኛው ስማርት ስልክ እንኳ አላስፈለገውም።

የማታ ተረኛ፦ ጥሩ። ግን መድኃኒቱ ከየት መጣ? ስልክ ኪኒን አይወልድም።

ኮድ ጸሐፊ፦ ከተረፈበት ወዳለቀበት ተወሰደ፤ ከመጋዘንም ታዘዘ። ችግሩ እኮ መድኃኒት አለመኖሩ ብቻ አይደለም። አንዱ ጋ ጊዜው እያለፈ ሌላው ጋ ሕፃን በወባ ይሰቃያል።

የማታ ተረኛ፦ መጋዘኑ ባዶ ቢሆንስ? ያኔ መልእክቱ ምን ይነግረናል? ባዶ መሆናችንን። እሱን ያለ ስልክም እናውቀዋለን።

ነርስ ነኝ፣ ከራሴ ልናገር። በአንድ ወቅት የምሠራበት ቦታ ታብሌት መጣልን። ደስ አለን። ታብሌቱ መጣ፣ መዝገቡ ግን አልሄደም። አንዲት እናት ስትመጣ መጀመሪያ መዝገቡ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ለወሩ ሪፖርት ቆጠራ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ከዚያ ታብሌቱ ላይ። ከዚያ ለክትባት ሌላ አፕ፣ ለቲቢ ሌላ አፕ፣ የየራሱ ፓስዎርድ ያለው። እናትየዋ ታወራኛለች፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ጣቴን እያሯሯጥኩ ነው። ደም ግፊቷን ለመለካት ከመዘገብኩበት ጊዜ ያነሰ ነው የወሰደብኝ። ማታ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉንም ነገ እንደገና።

ሒሳብ ሠሪው፦ ይሄ የየፕሮጀክቱ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ለጋሽ የራሱን አፕ ይዞ ይመጣል። ሌላው የሠራውን አይጠይቅም፤ በሌላው ሥራ ላይ አርማውን መለጠፍ አይችልማ። ኡጋንዳ ይሄ በዛባትና የጤና ሚኒስቴሯ እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ላይ «ይብቃ» አለ። ሚኒስቴሩ ሳያውቀውና ሳይፈቅደው አዲስ ዲጂታል ሙከራ እንዳይጀመር አገደ። የዘርፉ ሰዎች ለዚህ አመል የበሽታ ስም አውጥተውለታል፤ «ፓይለት» ከሚለው፣ ሙከራ ማለት ነው፣ «ፓይለታይተስ» ይሉታል። ሙከራ ይጀመራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ይሞታል፣ ሌላ ሙከራ ይጀመራል።

ኮድ ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ እሱ ላይ እስማማለሁ። ግን ሁሉም አልሞተም። ዲኤችአይኤስ-2 የሚባለውን፣ የጤና ተቋማት ሪፖርት በኮምፒውተር የሚሰበሰብበትን የመረጃ ሥርዓት ይውሰዱ። ሥሩ ከአፓርታይድ ማግስት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያስተባብረዋል። ክፍት ምንጭ ነው፤ ኮዱን ማንም ወስዶ ይጠቀምበታል፣ የፈቃድ ክፍያ የለውም። ዛሬ ከ70 በላይ አገሮች ይሠሩበታል። የኮሌራ ወሬ በወረቀት ተጉዞ ማዕከል እስኪደርስ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ እናንተው ታውቃላችሁ።

የማታ ተረኛ፦ ዳታው ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ታች ሲወርድ ያየሁት ግን «ሪፖርታችሁ ዘግይቷል» የሚል ብቻ ነው።

ኮድ ጸሐፊ፦ እህቴ፣ ይቺ ነካችኝ። 

መዝገብ ቤት፦ እስካሁን ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር። እንደኔ «ቴክኖሎጂው ይሠራል አይሠራም» ብሎ መጠየቁ ራሱ ያስታል። ሁለት ጥናቶችን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ።

አንደኛው ኬንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመሩ 538 ሰዎች ነበሩበት። ለግማሾቹ በየሳምንቱ አንዲት ቃል ትላክላቸዋለች፤ «ማምቦ?»፣ እንዴት ነህ እንደማለት። በ48 ሰዓት ውስጥ «ሳዋ» ወይም «ሺዳ» ብለው ይመልሳሉ፤ ደህና ነኝ ወይም ችግር አለ። «ሺዳ» ላለና ዝም ላለ ሰው ባለሙያ ይደውልለታል። መድኃኒታቸውን በአግባቡ የወሰዱት መልእክት ከሚላክላቸው ውስጥ 62 በመቶ፣ ከማይላክላቸው 50 በመቶ ሆኑ። ቫይረሱ የተገታላቸውም 57 በመቶ ለ48 ነበር።

ሁለተኛው ካሜሩን፣ ያውንዴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። 200 ሰዎች፣ ያው ኤችአይቪ፣ ያው ሳምንታዊ መልእክት። መልእክቱ የሚያበረታታና የሚያስታውስ ነው። ከፈለግህ ደውል የሚል ስልክ ቁጥርም አለው። ከስድስት ወር በኋላ ተለካ። ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ስልኩ ያው ስልክ ነው። አገሩም ሰዉም ስለሚለያይ ምክንያቱ ይሄ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ለእኔ ግን ዓይን የሚገባው ልዩነት አንዱ ጋ የሚደውለው የጤና ባለሙያው መሆኑ ነው። ሌላው ጋ ደውል የተባለው በሽተኛው ነው።

የማታ ተረኛ፦ አሁን ገና ሰው ተናገረ!

አወያይ፦ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ እዚህ አካባቢ ያለ ነገር ብሏል። አሥር ምክሮች አሉት፤ የመድኃኒት ክምችትን በስልክ ማሳወቅ፣ የርቀት ሕክምና፣ ለእናቶች የሚላክ መልእክት ሁሉም አሉበት። አብዛኞቹ ግን «ይሄ ይሄ ከተሟላ» የሚል ማሰሪያ አላቸው። ዲጂታሉ የሚሠራ የጤና ሥርዓትን አይተካም ብሎም በግልጽ ጽፏል።

ሒሳብ ሠሪው፦ ማሰሪያውን ማን ያነበዋል? በጀት ስብሰባ ላይ የሚነበበው ርዕሱ ነው።

የማታ ተረኛ፦ ሌላም አለ። ስልኩ የማን ነው? ብዙ ቤት ስልኩ የባል ነው። «የኤችአይቪ መድኃኒትሽን አትርሺ» የሚል መልእክት እሱ እጅ ላይ ቢደርስ ምን እንደሚከተል አስቡት። የኬንያዎቹ «ማምቦ?» ብቻ ማለታቸው ለዚህ ይመስለኛል፤ በሽታውን አልጠሩትም። ብልህ ሰው ነው የጻፈው።

ኮድ ጸሐፊ፦ እውነት ነው። እኔ የሠራሁት አንድ አፕ ላይ የበሽታው ስም መልእክቱ መጀመሪያ ላይ ነበር። ስክሪኑ ሳይከፈት ይነበባል። ያስተዋልነው ከወራት በኋላ ነው፤ ያውም አንዲት ተገልጋይ ቅሬታ አቅርባ።

ሒሳብ ሠሪው፦ እሺ፣ ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ለጋሹ ሲወጣ የመልእክቱን ሒሳብ ለቴሌኮሙ ማን ይከፍላል? ባትሪ የሞተበትን ታብሌት ማን ይተካል? መልስ የሌለው ፕሮጀክት ከእኔ ፊርማ አያገኝም። መድኃኒቱ ይቅደም ባይ ነኝ፣ ግን የታንዛኒያው ዓይነት ቢመጣልኝ ሳላቅማማ እፈርማለሁ። ከሚያድነው አንጻር ርካሽ ነው።

ኮድ ጸሐፊ፦ እኔም ልናዘዝ። አሁን እያዘጋጀሁት ያለ ዕቅድ አለ፤ ለነፍሰ ጡሮች የሚላክ መልእክት። በጀቱ ላይ ሶፍትዌር አለ፣ ሰርቨር አለ፣ ሥልጠና አለ። መዝገብ ቤት የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ ከፍቼ አየሁት። «ደም እየፈሰሰኝ ነው» ብላ ለምትመልስ ሴት የሚደውል ሰው የለበትም። አንድ መስመር እጨምራለሁ፤ አንድ አዋላጅ ነርስ ከነደመወዟ።

የማታ ተረኛ፦ ሁለት አድርጋት። ሌሊትም ይፈሳል።

ሒሳብ ሠሪው፦ ሁለት ከሆነ ሰርቨሩን ቀንስና አምጣው።